የሰዓዳ ትምህርትና የቆየው መርዶ

በእኛ በከሚሴ የትምህርት መጨረሻው ስም ያለው ነገር መሆን አለበት። ሐኪም ትሆናለህ፣ መሐንዲስ ትሆናለህ፣ ካልሆነልህ አስተማሪ ትሆናለህ፣ እሱም እምቢ ካለህ ባጃጅ ትነዳለህ። ባጃጅ ነጂም ቢሆን ስም አለው፤ መንገድ ዳር ቆመህ ስትጠራው ይቆማል። ስም የሌለው ትምህርት ግን አይተን አናውቅም ነበር። እኔ ራሴ የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ፊደሉን ለየሁ፣ ስሜን ጻፍኩ፣ ከዚያ ዝናብ መጣና ሁላችንም ወደ እርሻችን ተበተንን። ስለዚህ የምታወሪው ስለማታውቂው ነገር ነው ብትሉኝ አልጣላችሁም። የሚያውቁት ሲያወሩም ሰምቻለሁ፤ ከእኔ የተሻለ ግን አልሰማሁም።

የልጅ ልጄ ሰዓዳ አዲስ አበባ፣ ካቶሊኮች በሚያስተዳድሩት ዩኒቨርሲቲ በነጻ የመማር ዕድል ስታገኝ ሰፈሩ ሁሉ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ነበር። ምን ልትሆን ነው? እኔም ጠየቅኳት።

«ሊበራል አርትስ ነው፣ አኮ» አለችኝ። አኮ በኦሮምኛችን አያት ማለት ነው፤ እኛ ዘንድ አማርኛውም ኦሮምኛውም የሚያድሩት አንድ አፍ ውስጥ ነው።

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

ታሪክ ትንሽ፣ ፍልስፍና ትንሽ፣ ሥነ ጽሑፍ ትንሽ፣ ሒሳብ ትንሽ፣ ስለ ሰው አስተሳሰብ ትንሽ እያለች ቆጠረችልኝ። በአንድ ድስት ሁሉንም የከተተ ሰው መጨረሻው ምን እንደሚሆን እኔ አውቃለሁ። «እሺ፣ ተምረሽ ስትጨርሺ ምን ያደርግልሻል?» ብላት፣ «መጠየቅ ያስተምራል» አለች። እንግዲህ እናንተው ፍረዱ። ይህች ልጅ አፏን ከፈታችበት ቀን ጀምሮ ሌላ ሥራ ሠርታ አታውቅም። እሷን መጠየቅ ማስተማር የቦርከናን ወንዝ ቁልቁል መፍሰስ እንደ ማስተማር ነው።

ሐጂ ያሲን ግን የጨነቃቸው ሌላ ነበር። ሐጂ የቅሬያችን ዳኛ ናቸው፤ ቅሬ የምንለው ስንሞት የሚቀብረን፣ ሲሞትብን የሚያስተዛዝነን የሰፈራችን ማኅበር ነው። ደጄ ላይ ቆመው በምርኩዛቸው መሬቱን እየቆረቆሩ፣ «አንቺ መዲና፣ ልጅቷን ለመስቀል አሳልፈሽ ልትሰጫት ነው?» አሉኝ።

«ሐጂ፣ የአንቱ ልጅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነበር፤ መንግሥት ሆኖ ተመለሰ እንዴ?» አልኳቸው። ምርኩዛቸውን ይዘው ሄዱ።

ካቶሊኮቹ ሃይማኖቷን አልነኩባትም። ማደሪያዋ ግድግዳ ላይ መስቀል ተሰቅሎ ነበር፤ ግን መካ በየት በኩል እንደሆነ ጠይቃ አጣርታ፣ የምትሰግድበትን ጥግ ያሳየቻት አንዲት መነኩሴ ናት። ይህን ለሐጂ ስነግራቸው አላመኑኝም። ሰው ደግ ሆኖ ሲገኝ ማመን ይቸግራል፤ ክፉ ሆነ ቢሏቸው ግን ምስክር አይጠይቁም።

አባቷ እንድሪስ አንድ ልጄ ነበር። የሰዓዳ እናት ልጅቷን ጡት ሳታስጥላት ስለሞተች ያሳደግናት እኔና እሱ ነን። እንድሪስ ጨፋ ሸለቆ ላይ ማሽላ ይዘራ ነበር፤ የልጅቷ ትምህርት እንኳን ለእሱ ለእኔም አልገባኝም፤ ግን ጨፋ ሮቢት ገበያ ላይ ሰው ሲጠይቀው ደረቱን ነፍቶ፣ «ልጄ ፍልስፍና ናት» ይል ነበር፤ ሹመት ይመስል። ምን እንደሆነ ደፍሮ የጠየቀው የለም። ሹመትማ ማን ይጠይቃል።

ለመመረቅ ጥቂት ወራት ሲቀሯት ነው። መንገድ በየሰበቡ የሚዘጋበት ሰሞን ነበር፤ እናንተም ረስታችሁት እንደሆነ እንጂ ታውቁታላችሁ። እንድሪስ ከገበያ ሲመለስ መንገድ ላይ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ማን እንደተኮሰ እስከ ዛሬ አላወቅንም። እነዚህ እነዚያ ናቸው ይላሉ፤ እነዚያ እነዚህ ናቸው ይላሉ። በሃይማኖታችን ወግ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨፋ ላይ፣ አያቶቹ አጠገብ ቀበርነው። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ከዚህ በላይ ስለዚያ ቀን አልጽፍም።

ከመቃብሩ ስንመለስ ሐጂ ያሲን ሰዉን ሁሉ አቆሙና፣ «ለልጅቷ አይነገርም። ትምህርቷን ትጨርስ» አሉ። ማንም አልተከራከረም፤ እኔም። ይህ የኛ ወግ ነው። ፈተና ላይ ላለ ተማሪ፣ ስደት ላይ ላለ ሰው፣ ለነፍሰ ጡር መርዶ አይነገርም። በሰፈራችን የአንዲት ዶሮ መጥፋት ሳይመሽ ቦርከናን ተሻግሮ ይሰማል፤ የእንድሪስን ሞት ግን የሰፈሩ አፍ ሁሉ ዋጠው። ጎረቤቴ ዘይነባ እንኳ ዋጠችው። ዘይነባን ብታውቋት ይህ ተአምር መሆኑ ይገባችሁ ነበር።

በስልክ መዋሸት ሙያ ነው። ዕንባ ድምፅን ያወርደዋል፤ ስለዚህ ድምፅሽን ትንሽ ከፍ ታደርጊዋለሽ። ቀጥለሽ ሳትጠየቂ ስለ ምግብ ትጠይቂያለሽ፤ በላሽ ወይ፣ ምን በላሽ፣ ጠገብሽ ወይ። ሰው ስለ ሆዱ ሲጠየቅ ሌላውን ይረሳል። «አባባስ?» ስትለኝ፣ «ጨፋ ወርዷል፤ እዚያ ስልክ አይሠራም» እላታለሁ። ስልኩ ራሱ በዚያ ሰሞን ይሄድ ይመጣ ስለነበር አገዘኝ። እንዴት አመነችሽ ትሉኝ ይሆናል። ሰው አባቱን በሕይወት ለማቆየት የማያምነው ነገር የለም።

አንድ ቀን ቤቱ በለቅሶ ደራሾች እንደተሞላ ስልኩ ጮኸ። ሰዉ ሁሉ ትንፋሹን ያዘ።

«አኮ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሰው ሲሞትበት ለተማሪ የማይነገረው ለምንድን ነው?»

ዘይነባ ከኋላ ደገፈችኝ። «ምን ሆነሽ ነው የምትጠይቂው?» አልኳት፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

«የክፍል ሥራ ነው። አስተማሪያችን፣ ሽማግሌ ቄስ ናቸው፣ ለሰው ተብሎ መዋሸት ይፈቀዳል ወይ ብለው ጠይቀውን እንከራከራለን። ክፍሉ በሙሉ አይፈቀድም ይላል። እኔ የኛን አገር መርዶ ላነሳ ነው። አንቺ በደንብ ታስረጂኛለሽ ብዬ ነው።»

እንግዲህ አስቡት። የልጄ መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ፣ ልጁ ደውላ ሞቱን ለምን እንደደበቅኩባት አስረጂኝ አለችኝ፤ ለክፍል ሥራ። ስልኩን መዝጋት እችል ነበር። ግን ኩራት የሚባል ነገር አለብኝ፤ ከተጠየቅኩ እመልሳለሁ።

«ስሚ» አልኳት። «መርዶ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። ሰው ሲወድቅ የሚይዘው እጅ ያስፈልገዋል። ልጅቷ ሩቅ ናት፤ የሚይዛት የለም። ስለዚህ ሐዘኗን እኛ ተቀብለን እናስቀምጥላታለን። የኛንም የሷንም እንሸከማለን። ስትመጣ የሷን ድርሻ እንሰጣታለን፤ ያኔ ስትወድቅ ሁላችንም አለን። እሱ ውሸት አይደለም። አደራ ነው።»

ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ፊቱን ሸፍኖ ያለቅስ ነበር። እኔ አላለቀስኩም፤ ስልክ ይዤ ነበር።

«አኮ፣ ይህን እጽፈዋለሁ» አለችኝ። ከዚያ፣ «በላሽ ወይ?» አልኳት።

በሳምንቱ እየሳቀች ደወለች። «አኮ፣ አሸነፍሽ። ቄሱ እንደዚህ ያለ መልስ ሰምቼ አላውቅም አሉ። ክፍሉ አጨበጨበልሽ። አባባን ስጪኝ፣ ልንገረው።»

«ጨፋ ወርዷል» አልኳት።

ምረቃው ደረሰ። ጥቁሬን አውልቄ ቢጫ ሻርፕ ለበስኩ። ወንዶች መንገድ ላይ ስለሚንገላቱ አባቷ ቀርቷል አልን፤ ዘይነባና እኔ ሄድን። ያን ቀን እልል ያልኩትን እልልታ አላህ ይይልኝ። ልጅቷ ጥቁር ካባዋን ለብሳ እየሮጠች መጣች፤ መልበስ የሚገባኝን ጥቁር እሷ ለብሳዋለች፤ እኔ ቢጫ። ከኋላዋ ነጭ ጸጉር ያላቸው ቄስ መጡ።

«የሰዓዳ አያት እርስዎ ነዎት? ክፍሌን በሙሉ ረቱብኝ እኮ» አሉኝ። ቀጠሉናም፣ «ያ ወግ አሁንም አለ?»

«አለ አባቴ» አልኳቸው። ድምፄ እንደለመደው ከፍ አለ። «በልተዋል ወይ?» ብዬም ጨመርኩ። ለምን እንደጨመርኩ አላውቅም፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው።

ሰውዬው ፊቴን አዩ። ልጅቷን አዩ። ዓይናቸው አባቷ መቆም የነበረበት ቦታ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እጄን ያዙና ምንም ሳይሉ ሄዱ። ያን ቀን አንድ ካቶሊክ ቄስ ቅሬያችን ውስጥ ገቡ፤ ሐጂ ያሲን አልሰሙም።

ከሚሴ በገባን ማግስት ማለዳ፣ ሰዓዳ ከሱብሒ ሶላት ቀና ስትል፣ ቤቱ በሰው ተሞላ። ልጅቷ ሰዉን ስታይ ቆመች። ሐጂ ያሲን ነገሯት። ሴቶቹ ሊይዟት እጃቸውን ዘረጉ። አልወደቀችም። ይህን አልጠበቅንም ነበር፤ ያ ሁሉ እጅ ባዶውን ቀረ።

«መቼ?» አለች።

«ማሽላው እሸት ሲይዝ» አልኳት።

«ለክፍል ሥራው ስደውልልሽ ሞቶ ነበር?»

«ሞቶ ነበር።»

«አሸነፍሽ ስልሽ?»

«ሞቶ ነበር።»

«ጨፋ ወርዷል አልሽኝ።»

«ጨፋ ነው የተቀበረው» አልኳት። እልህ ይዞኝ ነው እንጂ መልስ አልነበረም።

«አኮ» አለች፤ ድምፅዋ እንደ ድንጋይ ሆኖ። «እኔ እኮ ቆሜ ተከራከርኩ። አንዲት ልጅ፣ ቢደረግብሽስ ብላ ጠየቀችኝ። አመሰግናቸው ነበር አልኩ። በአባቴ ሬሳ ላይ ቆሜ ጭብጨባ ተቀበልኩ።» ከዚያ ነው የወደቀችው። የሚይዟት እጆች ግን በዚያን ሰዓት ወርደው ነበር።

እኔ እስከ ዛሬ ተሳሳትኩ አልልም። ብነግራት አትቀብረውም ነበር፤ መንገዱ ዝግ ነው። ብነግራት አትመረቅም ነበር። ብነግራት ብቻዋን፣ ግድግዳው ላይ መስቀል ባለበት ክፍል ትጮህ ነበር። ግን ያን ሁሉ ስደረድርላት፣ «አኮ፣ ልክ ነሽ። ክርክሩን በደንብ አውቀዋለሁ፤ እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለችኝ። ለካ ሰው ልክ ሆኖም ይጠላል።

የሐዘኑ ሰሞን ሲያበቃ በሐጂ ፊት እጄን ያዘች። «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ማንም ለማንም ብሎ አይዋሽም። ወላሂ በይ።»

ሐጂ ምርኩዛቸውን አነሱ። «መሐላ ጨዋታ አይደለም። ያፈረሰው ድሆችን ያበላል፤ የሚያበላው ያጣ ሦስት ቀን ይጾማል። አስባችሁ ማሉ።»

«ወላሂ» አልኩ። «ወላሂ» አለች እሷም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዘይነባ ብትነግራችሁ ይሻላል፤ የመጀመሪያዋ ተጎጂ እሷ ናት። አዲስ ቀሚስ ለብሳ መጥታ፣ «እንዴት ነው?» አለች። «ለልጅሽ ነው የሚሆነው» አለቻት ሰዓዳ። ሐጂ ያሲን ዱዓቸውን ሲያስረዝሙ፣ «ሐጂ፣ ሰዉ እንቅልፍ ወሰደው» አለቻቸው። ለልጁ ሊያጫት ለመጣ ሰው ሻይ አቀረበችና፣ «ልጅህን አውቀዋለሁ፤ ለዚያ ነው እምቢ ያልኩት» አለችው። ሰውዬው ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ። ሥራ ለማመልከት ሄዳም፣ ምን ትችያለሽ ሲሏት፣ «ገና አላወቅኩም» ብላ ተመለሰች። ሰፈሩ ካቶሊኮች አበላሿት አለ። እኔ ግን እውነት እንደዚያ የሚያናግራትን አውቅ ነበር፤ ከእያንዳንዱ ሰው የደበቀባትን የአባቷን ሞት ነበር የምትጠይቀው።

በዚህ መሐል እኔ መክሳት ጀመርኩ። ምግብ ሲወርድ አንድ ቦታ ይይዘኛል፤ ከዚያ ያመኛል። ለማንም አልተናገርኩም። መሐላሽን አፈረስሽ እንዳትሉኝ፤ መዋሸት ነው እንጂ ዝም ማለት በመሐላው ውስጥ አልነበረም። ሰዓዳ ግን መቀነቴ መላላቱን አይታ ደሴ ሆስፒታል ወሰደችኝ። መረመሩኝ፣ በጉሮሮዬ ገመድ የመሰለ ነገር ከተቱ፣ ሌላ ቀን ተመለሱ አሉን፣ ተመለስን። ልጅ እግር ሐኪም ነው። ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ «እማማ፣ እስቲ ትንሽ ውጪ አረፍ ይበሉ» አለኝ። ሰዓዳን አስቀራት።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሐኪም በሽተኛውን አስወጥቶ ቤተሰቡን ሲያስቀር ምን ማለት እንደሆነ አገር ያውቃል። እኔ የምጠብቀው ሌላ ነገር ነበር። ይህች እውነት አከፋፋይ በዚያ በር ስትወጣ ምን እንደምትለኝ ነበር። ትነግረኛለች አልኩ፤ ምላለች። ተዘጋጀሁ። ሻርፔን አስተካከልኩ፤ እጄን ጉልበቴ ላይ አደረግኩ።

በሩ ተከፈተ። ጥርሷ ሁሉ እየታየ ወጣች።

«አኮ፣ ጨጓራሽ ነው። ቁስል ቢጤ ነው፤ መድኃኒት ሰጥቶናል።» ድምፅዋ ከፍ ብሏል። ቀጥላም፣ ሳልጠይቃት፣ «ርቦሻል አይደል? ምን ልግዛልሽ? ምን ትበያለሽ?»

አወቅኩት። ማን ሊያውቀው ነበር? ሙያው የኔ ነው።

«ወላሂ በይ» ብላት በቂ ነበር። እዚያው ኮሪደር ላይ ትፈርስ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እጇን አየሁት፤ የመድኃኒቱን ፌስታል አጥብቃ ይዛው ጣቶቿ ነጥተዋል። ብትወድቅ የሚይዛት እጅ የኔ ብቻ ነው፤ እሱም መክሳቱን ነግሬያችኋለሁ።

«ብርቱካን ግዢልኝ» አልኳት።

በሚኒባስ ተመለስን። ሐርቡን አልፈን ሸለቆው ሲታይ ሁለታችንም መስኮቱን ተውነው፤ ጨፋ እንዳናይ እሷ ስልኳን አየች፣ እኔ ብርቱካኑን።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ተለውጧል። ዘይነባ ስከራከራት እሺ ትለኛለች፤ በሕይወቷ እሺ ብላኝ አታውቅም። ሐጂ ያሲን በየማለዳው ጎራ ብለው፣ «መዲና፣ እንዴት አደርሽ?» ይሉኛል፤ ድምፃቸው ከፍ ብሎ። እኔ ስገባ ወሬ ይቆማል። ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ ከዚህ በፊት ሳስተዳድረው የነበርኩት እኔ ነኝ። ሐዘኔን ተቀብለው እያስቀመጡልኝ ነው። አደራ በሉት። አሁን ከወዲህኛው ወገን ሆኜ ሳየው ክፍሉ እንዳጨበጨበለት ያህል አያምርም። ግን ይሞቃል፤ እሱን አልክድም።

ሰዎች ያ ሁሉ ትምህርት መጨረሻው ምን ሆነ ይሉኛል። እነሱን «በላችሁ ወይ?» እላቸዋለሁ። ለእናንተ ግን ያየሁትን ልንገራችሁ። ከደሴ በተመለስን ማግስት ሰዓዳ ቁርስ አልቀመሰችም። ምሳም። በማግስቱም እንደዚያው። ረመዳን አይደለም፤ የወር አበባ ያስፈታት ጾም ካለም ቀደም ብላ ከፍላለች፣ አውቃለሁ። ሥራ የላትም፤ ሐጂ እንዳሉት ድሆችን የምታበላበት ገንዘብ የላትም። እኔም አውቄ እንዳላወቀ ሆኜ እስቅላታለሁ፤ ወላሂ ያልኩት እኔም ነኝና ምግብ ሳልነካ ስውል ሁለት ቀኔ ነው። ሐኪሙ አዘውትረው ይብሉ ብሏል። ሐኪሙ መሐላው ላይ አልነበረም።

ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ይህን ስጽፍ በሩ ላይ መጥታ ቆመች።

«አኮ፣ በላሽ?»

«በላሁ። አንቺስ?»

«እኔም በልቻለሁ።»

ምሳው እንደተከደነ በመሐላችን ነበር። ሁለታችንም ጠግበን ተቀመጥን።